ዕቃዬን ከወጪው በታች እየሸጥኩ ነው ወይስ ስሌቴ ተሳስቷል? መስመራዊ እኩልታን ለንግድ ሥራ ስለመጠቀም

ጠያቂ፦ ቦርሳ ሰፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የጨርቅ ቦርሳ የምንሰፋበት አነስተኛ ሥራ ከጀመርን ጥቂት ወራት ሆኖናል። በትምህርት ቤት መስመራዊ እኩልታን ተምሬያለሁ፤ «ሀ ሲደመር 5 እኩል ይሆናል 12፣ ሀ ስንት ነው?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ያለ ችግር እሠራ ነበር። ዛሬ ግን ያ ትምህርት ከፊቴ ከተቆለለው ደረሰኝና ከማስታወሻ ደብተሬ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ሊገለጥልኝ አልቻለም። የገንዘቡን ስም ትቼ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጣለሁ፤ ገንዘቡ የየትም ቢሆን ስሌቱ ያው ነውና።

በየወሩ ለቤት ኪራይ 9,000፣ ለአንድ ሰፊ ደመወዝ 7,500፣ ለመብራትና ለስልክ 1,500 እንከፍላለን፤ ድምሩ 18,000 ነው። ለአንድ ቦርሳ ጨርቅ፣ ዚፕ፣ ክርና ማሸጊያ ደግሞ 140 ይወጣል። አንዱን ቦርሳ የምንሸጠው በ260 ነው። ባለፈው ወር 100 ቦርሳ ሸጥን። እኔም 18,000ን ለ100 አካፍዬ 180 አገኘሁ፤ በዚያ ላይ 140 ስጨምርበት አንዱ ቦርሳ 320 ያስወጣናል ማለት ሆነ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቦርሳ 60 እየከሰርን ነው፣ ብዙ በሸጥን ቁጥርም ኪሳራችን ይበዛል ብዬ ደመደምኩ። በዚሁ ሳምንት አንድ ደንበኛ ለመጪው ወር 80 ቦርሳ በ220 ሒሳብ ልውሰድ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ 320 የወጣበትን ዕቃ በ220 አልሰጥም ብዬ መለስኩት። ባልደረባዬ «ተሳስተሃል» ይለኛል፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ግን ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። ጨርቅ የገዛንበት ደረሰኝ ጠቅላላ ድምሩ 7,200 ሲሆን፣ በውስጡ 20 በመቶ የሽያጭ ታክስ ተካቷል። ታክሱን ለመለየት ከ7,200 ላይ 20 በመቶውን፣ ማለትም 1,440 ቀንሼ የጨርቁ ዋጋ 5,760 ነው ብዬ መዘገብኩ። ሻጩ ግን ዋጋው 6,000፣ ታክሱም 1,200 እንደሆነ ይናገራል። ልክ የሆነው የማን ስሌት ነው?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

ውድ ጠያቂ፣ ቁጥሮቹን አንድም ሳይሸሽጉ በዝርዝር ማስቀመጥዎ መልሱን አቅልሎታል። ለብዙ ዓመታት ሳስተምር እንዳስተዋልኩት፣ ተማሪ የተሰጠውን እኩልታ መፍታት እምብዛም አያቅተውም፤ የሚያቅተው ከኑሮ ቋንቋ ወደ እኩልታ መመለሱ ነው። እርስዎንም ያሰናከለዎት ይኸው ነው፤ ማካፈልዎም መደመርዎም ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከመነሻው «የማላውቀው ቁጥር የትኛው ነው?» ብለው አልጠየቁም።

ያልታወቀው ቁጥር በወር የሚሸጠው የቦርሳ ብዛት ነው፤ እሱን ሀ እንበለው። ገቢዎ 260ሀ ነው። ወጪዎ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። 18,000ው አንድም ቦርሳ ባይሸጥ የሚከፈል ስለሆነ ቋሚ ወጪ ይባላል፤ 140ው ግን እያንዳንዱ ቦርሳ ሲሰፋ ብቻ የሚወጣ ተለዋዋጭ ወጪ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ወጪው 18,000 + 140ሀ ይሆናል። ትርፍም ኪሳራም የሌለበትን ነጥብ ለማግኘት ሁለቱን እኩል እናደርጋቸዋለን፦

260ሀ = 18,000 + 140ሀ

ከሁለቱም ወገን 140ሀ ስንቀንስ 120ሀ = 18,000 ይሆናል፤ ሀ = 150። (በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አልጀብራን በመጽሐፍ ያደራጀው አል-ኸዋሪዝሚ፣ ተመሳሳዩን ነገር ከሁለቱም ወገን የማጣፋቱን እርምጃ «አል-ሙቃበላ» ይለው ነበር፤ ሥራውንም ሰዎች በውርስ፣ በክፍፍልና በንግድ ለሚገጥማቸው ስሌት እንዲያገለግል እንዳዘጋጀው በመግቢያው ላይ ገልጿል። ጥያቄዎ ከዚህ ትምህርት ሩቅ የመሰለዎት በአቀራረባችን፣ በእኛ በመምህራኑ ጥፋት ይመስለኛል።)

አሁን 120 የሚለውን ቁጥር አጥብቀው ይያዙት። እያንዳንዱ ቦርሳ የራሱን 140 ከመለሰ በኋላ ቋሚውን ወጪ ለመሸፈን የሚያዋጣው ድርሻ ነው። 150 ቦርሳ እስኪሸጥ ድረስ ያ 120 ወደ ኪራይና ወደ ደመወዝ ይሄዳል፤ ከ151ኛው ጀምሮ ትርፍ ሆኖ እጅዎ ላይ ይቀራል። በወር 6,000 ማትረፍ ቢፈልጉ በቀኝ በኩል 6,000 ይጨምሩበታል፤ 120ሀ = 24,000 ስለሚሆን 200 ቦርሳ መሸጥ ይኖርብዎታል።

ስህተቱም እዚሁ ላይ ይገለጣል። «አንዱ ቦርሳ 320 ያስወጣል» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ብዛቱ 100 ሲሆን ብቻ ነው። 150 ሲሸጡ አንዱ 260፣ 200 ሲሸጡ ደግሞ 230 ያስወጣል። ከብዛቱ ጋር የሚለዋወጠውን ቁጥር እንደ ቋሚ ዋጋ ወስደው አዲሱን ትዕዛዝ መዘኑበት። ትዕዛዙ ግን ኪራዩንም ደመወዙንም አይጨምርም፤ የሚጨምረው ለእያንዳንዱ ቦርሳ 140ን ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡት፦ መደበኛ ሽያጭዎ 100 ሆኖ ትዕዛዙን ሳይቀበሉ ገቢዎ 26,000፣ ወጪዎ 32,000፣ ኪሳራዎ 6,000 ነው። ትዕዛዙን ሲቀበሉ ገቢዎ 26,000 + 17,600 = 43,600፣ ወጪዎ 18,000 + 140 × 180 = 43,200 ይሆናል፤ 400 ያተርፋሉ። በ220 መሸጥ ኪሳራ የመሰለዎት ትዕዛዝ ወሩን ከኪሳራ ያወጣው ነበር። ባልደረባዎ ትክክል ናቸው።

መልስ፦ የሒሳብ መዝገብ ያዥ

የመምህሩ ማብራሪያ ግልጽ ስለሆነ አልደግመውም፤ የታክሱን ጥያቄ ልመልስ። ታክሱ የተሰላው በዋጋው ላይ እንጂ በድምሩ ላይ አይደለም። ያልታወቀው ዋጋው ስለሆነ ዋ እንበለው፤ ዋ + 0.20ዋ = 7,200 ይሆናል፤ ማለትም 1.20ዋ = 7,200፣ ዋ = 6,000። ሻጩ ልክ ነው። እርስዎ ዋጋውን በ240 አሳንሰው፣ ታክሱን ደግሞ በዚያው ልክ አብዝተው መዝግበዋል። በየደረሰኙ እንዲህ ከሆነ የዓመቱ መዝገብ ሲዘጋ ልዩነቱ ብዙ ይሆናል፤ ስለዚህ የቆዩትንም ደረሰኞች መለስ ብለው ይመርምሩ።

ይህ ጥያቄ እጅግ የቆየ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ በተጻፈ ፓፒረስ ላይ «አንድ መጠን ከራሱ ሰባተኛ ክፍል ጋር ተደምሮ 19 ሆነ፤ መጠኑ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ሐሳቡ ከደረሰኝዎ ጋር አንድ ነው፤ ሰባተኛው ክፍል በታክሱ ቦታ ገብቷል። ጸሐፊው የፈታው በግምት ተነሥቶ ነው፤ መጠኑ 7 ነው ብሎ ቢጀምር ድምሩ 8 ይሆናል፤ 8ቱ 19 እንዲሆን በስንት መባዛት እንዳለበት ካገኘ በኋላ 7ንም በዚያው ቁጥር ያበዛዋል። እርስዎም ካልኩሌተር ባልያዙ ጊዜ ይህን ዘዴ ይጠቀሙበት። ዋጋው 100 ቢሆን ድምሩ 120 ነው፤ 7,200 የ120 ስንት እጥፍ ነው? 60 እጥፍ። እንግዲያው ዋጋው 100 × 60 ነው።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ አንድ ሌላ ስህተት በነጋዴዎች መዝገብ ላይ አዘውትሬ አያለሁ። «30 በመቶ አተርፋለሁ» የሚል ሰው ከምን ላይ እንደሆነ አይናገርም። ከወጪው ላይ ከሆነ 140 × 1.30 = 182 ነው። ከመሸጫ ዋጋው ላይ ከሆነ ግን ዋ = 140 + 0.30ዋ ይሆንና 0.70ዋ = 140፣ ዋ = 200 ይወጣል። በአንድ ዕቃ ላይ የ18 ልዩነት አለ፤ ሁለት ሸሪኮች ሳይነጋገሩ አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ስሌት ሲሠሩ ጠብ የተነሣበትን ጊዜ አይቻለሁ።

በመምህሩ እኩልታ ላይ ግን የጎደለ ቁጥር አለ፤ የጎደለውም እርስዎ ስላልነገሯቸው ነው። የስፌት መኪናው የማን ነው? የራሳችሁ ከሆነ ያረጃል፤ እርጅናውም ወጪ ነው። ለምሳሌ በ30,000 ተገዝቶ ከ5 ዓመት በኋላ በ6,000 ሊሸጥ ይችላል ብንል፣ የሚያጣው ዋጋ 24,000 ነው፤ በ5 ዓመት ሲካፈል በዓመት 4,800፣ በወር 400 ይሆናል። ቋሚ ወጪዎ 18,400 ሆነ ማለት ነው። 18,400 ለ120 ሲካፈል 153.33 ይመጣል፤ ሲሶ ቦርሳ ስለማይሸጥ፣ በ153ቱም ጥቂት ጉድለት ስለሚቀር፣ መልሱ 154 ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ክፍልፋዩ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ወደ ላይ ይጠጋጋል።

መልስ፦ የቀድሞ አምራች

ከላይ የተሰጡት ሁለቱ መልሶች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም መስመሩ ማብቂያ የሌለው ያህል አድርገው ጽፈዋል። እኔ የእንጨት መደርደሪያ አመርት በነበረበት ጊዜ ይህንኑ እኩልታ በሚገባ አውቅ ነበር፤ የጎዳኝም እሱን ብቻ ማወቄ ነው። በደብተሬ ላይ የሦስት ወራትን ሽያጭ በነጥብ አስቀምጬ፣ ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኝቼ፣ መስመሩን እስከ ገጹ ጠርዝ ድረስ በቀይ እስክሪብቶ ሳብኩት። ያ ከነጥቦቹ አልፎ የተሳበው የመስመሩ ክፍል ያልሆነ፣ ወደፊትም ይሆናል ተብሎ ዋስትና ያልተሰጠበት ነገር ነበር። እኔ ግን እሱን አምኜ ሁለተኛ ክፍል ተከራየሁ፣ ሁለት ሠራተኛ ጨመርኩ። ትዕዛዙ የታሰበው ቦታ ላይ አልደረሰም፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን በየወሩ በቀናቸው መጡ። ከአራት ወር በኋላ ክፍሉን መለስኩ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ አንዱ ሰፊ በወር ስንት ቦርሳ መስፋት ይችላል? 160 ነው እንበል። እስከ 160 ድረስ መስመሩ መምህሩ እንዳሉት ይሄዳል፤ በ160ው ላይ 120 × 160 − 18,400 = 800 ያተርፋሉ። 161ኛዋን ቦርሳ ለመስፋት ሁለተኛ ሰፊ ከቀጠሩ ግን ቋሚ ወጪው በአንድ ጊዜ 7,500 ዘልሎ 25,900 ይደርሳል፤ ያ ትርፍ የነበረው ወር ወደ 6,580 ኪሳራ ይለወጣል። አዲሱ ነጥብ 25,900 ለ120 ሲካፈል፣ ማለትም 216 ቦርሳ ነው። በአንድ ሰፊ ያገኙት የነበረውን 800 መልሶ ለማግኘት ደግሞ 223 መሸጥ ያስፈልጋል። በ160 እና በ216 መካከል ያለው ሥፍራ ሥራው የበዛበት፣ ቤቱ በሰው የተሞላበት፣ ገንዘቡ ግን የማይታይበት ነው፤ ብዙ አምራች እዚያ ውስጥ ሆኖ ምክንያቱን ሳያውቅ ይደክማል።

ወደ ትዕዛዙ ስመለስ፣ 100 እና 80 ሲደመር 180 ነው፤ ከአቅምዎ በ20 ይበልጣል። ለአንድ ወር ብሎ ሰው ከመቅጠር ሰፊው ትርፍ ሰዓት ቢሠራ ይሻላል። ለእያንዳንዷ ተጨማሪ ቦርሳ 25 ቢከፈለው 500 ይሆናል። ያ 400 ትርፍ እርጅናው በልቶት ዜሮ ሆኗል፤ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ሲጨመር 500 ይከስራሉ። ቢሆንም ትዕዛዙን ባይቀበሉ የሚከስሩት 6,400 ስለሆነ መቀበሉ አሁንም ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ እኩልታው ውስጥ የለም፤ መደበኛ ደንበኞችዎ የ220ውን ዋጋ ቢሰሙና እነሱም ይቀነስልን ቢሉ፣ ከ100ው ቦርሳ ላይ 40፣ 40 ሲቀነስ 4,000 ያጣሉ። እኔ ብሆን ለብዛት የተሰጠ ዋጋ መሆኑን በጽሑፍ ላይ አስፍሬ፣ ከ50 ቦርሳ በታች ለሚገዛ እንደማይሠራ አስቀድሜ እናገር ነበር።

ጠያቂ፦ ቦርሳ ሰፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መኪናው የራሳችን ነው፤ ዋጋውም ከገመታችሁት ብዙ አይርቅም። ሰፊያችንም በወር ከ160 በላይ መስፋት እንደማይችል ዛሬ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሦስት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ ከዚህ ቀደም በነበረ አንድ ወር ትልቁን ቦርሳ በ260፣ አሁን ያቆምነውን ትንሹን ደግሞ በ180 ሸጠን ነበር፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን ጠቅላላ ብዛቱ 90፣ ገቢው 20,200 መሆኑ ብቻ ነው። የየዓይነቱን ብዛት ማወቅ ይቻላል? ሁለተኛ፣ ቦርሳ በየደንበኛው ቤት ለማድረስ አንዱ ድርጅት በወር 2,400 እና በአንድ ቦርሳ 6 ሲጠይቅ፣ ሌላው ወርኃዊ ክፍያ ሳይኖረው በአንድ ቦርሳ 18 ይጠይቃል። ሦስተኛና ዋናው፣ ያ የ80 ቦርሳ ደንበኛ ገና ከሌላ እንዳልገዛ ሰምቻለሁ፤ ከነገ ወዲያ ላነጋግረው ነው። ስንት ላይ ልጽና?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

ለአንደኛው ጥያቄ ያልታወቁት ሁለት ስለሆኑ ሁለት እኩልታ ያስፈልጋል፤ ደብተርዎ ሁለቱንም ይዟል። የትንሹ ብዛት ሀ፣ የትልቁ በ ቢሆን፣

ሀ + በ = 90
180ሀ + 260በ = 20,200

በቃል ለመሥራት ዘጠናውም ትንንሽ ነበሩ ብለው ይነሡ። ገቢው 16,200 ይሆን ነበር፤ በእጅዎ የገባው ግን ከዚያ በ4,000 ይበልጣል። እያንዳንዱ ትልቅ ቦርሳ 80 ብልጫ ስላለው 4,000 ለ80 ሲካፈል 50 ይሆናል። ትልቁ 50፣ ትንሹ 40 ተሸጧል። ይህ ስሌት መዝገብዎንም ይመረምርልዎታል፤ ገቢው 20,150 ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ መልሱ 49.375 ይወጣ ነበር፤ ቦርሳ ደግሞ በሺራፊ ስለማይሸጥ፣ ወይ ብዛቱ ወይ ገንዘቡ በስህተት ተመዝግቧል፣ አለዚያም ሳይጻፍ ቅናሽ የተደረገለት ሰው አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቀላል ነው፤ 2,400 + 6ሀ = 18ሀ፣ ሀ = 200። በወር ከ200 በታች የምታደርሱ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያ የሌለው ይረክሳል፤ አሁን ባለው አቅማችሁ 200 ስለማትደርሱ ምርጫው ግልጽ ነው። ሆኖም ያ 18 በአንድ ቦርሳ ወጪ ላይ እንደሚጨመር አይርሱ፤ 120 ይባል የነበረው ድርሻ ለሚደርሰው ቦርሳ 102 ይሆናል።

መልስ፦ የሒሳብ መዝገብ ያዥ

ሦስተኛውን እኔ ልመልስ፤ ለድርድር የሚገባ ሰው ሁለት ቁጥር ይዞ መግባት አለበት። መደበኛው ሽያጭዎ 100 እንደሆነ፣ ደንበኛው ዕቃውን ራሱ መጥቶ እንደሚወስድ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም 500 እንደሆነ እንያዝ። ያልታወቀው የአንዱ ቦርሳ የድርድር ዋጋ ዋ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ትዕዛዙ የራሱን ወጪ ብቻ የሚመልስበት ዋጋ ነው። 80ዋ = 140 × 80 + 500፣ ማለትም 80ዋ = 11,700፣ ዋ = 146.25። ከዚህ በታች ከሸጡ ትዕዛዙን ባይቀበሉ ይሻልዎታል። ሁለተኛው ወሩ ያለ ኪሳራ የሚዘጋበት ዋጋ ነው፦

26,000 + 80ዋ = 18,400 + 140 × 180 + 500

በቀኝ ያለው ድምር 44,100 ነው፤ 80ዋ = 18,100፣ ዋ = 226.25 ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት በትክክል 80 የሆነው ያለ ትዕዛዙ የሚደርስብዎት 6,400 ኪሳራ ለ80 ቦርሳ ስለሚከፋፈል ነው።

ስለዚህ ከነገ ወዲያ 230 ብለው ይጀምሩ። 227 ላይ ቢስማሙ ወሩ በ60 ትርፍ ይዘጋል። ቀድሞ ያቀረበውን 220 አልለቅም ቢል ደግሞ፣ የ500 ኪሳራ ከ6,400 ስለሚሻል ይቀበሉት፤ ነገር ግን ክፍያው በዱቤ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የ80ው ቦርሳ ጨርቅና ዚፕ አስቀድሞ 11,200 ያስወጣዎታል፤ ቢያንስ ይህን ያህል ቀብድ ሳይቀበሉ መቀስ አያንሱ።